ክብደት እንዴት ይሣላል? «ጌርቲ ዳይኖሰሯ» እና የመካኒክስ ሕጎች

በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ክብደት የለውም። የቀለሙን ኢምንት መጠን ወደ ጎን ካልነው የዝሆን ሥዕልና የትንኝ ሥዕል በሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራን አንድ አጭር የካርቱን ፊልም የሚመለከት ሰው፣ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተሣለችው እንስሳ ብዙ ቶን እንደምትመዝን ማንም ሳይነግረው ይቀበላል። እግሯን ከማንሣቷ በፊት ሸክሟን ወደ ሌላው ጎን ስታዛውር ያያል፤ ከእግሯ ሥር ያለው መሬት የሚጎብጥ ይመስለዋል። በእርግጥም ይጎብጣል፤ ሠዓሊው ያንንም አልዘነጋውም። ታዲያ ክብደት የሌለው መስመር ክብደትን እንዴት ሊያሳየን ቻለ?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፊልም አሜሪካዊው የጋዜጣ ሠዓሊ ዊንዘር ማኬይ በ1914 ያቀረበው «ጌርቲ ዳይኖሰሯ» ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፊልም ሐያስያን ስለዚህ ሥራ ብዙ ጽፈዋል፤ እኛ ግን የምንቀርበው በፊዚክስ በኩል ነው። የምናቀርበውም ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የጌርቲ ክብደት ያለው በሥዕሎቹ ውስጥ ሳይሆን በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። ማኬይ ቦታን ብቻ ሳይሆን ጊዜን ይሥል ነበር።

ሠዓሊውና ፊልሙ

ማኬይ በዘመኑ ታዋቂ የነበረው በፊልም አልነበረም። ከ1905 ጀምሮ በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ትንሹ ኒሞ በእንቅልፍ ምድር» የተሰኘው ባለ ቀለም ሥዕላዊ ታሪክ ዝናን አትርፎለት ነበር። ከ1906 ጀምሮ ደግሞ ምሽት ምሽት በቲያትር መድረኮች ላይ እየቀረበ በተመልካች ፊት በጠመኔ በፍጥነት የመሣል ትርኢት ያሳይ ነበር። ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሳበው ልጁ ይዞት የመጣው፣ በአውራ ጣት ሲገለበጥ የሚንቀሳቀስ የሚመስል ትንሽ መጽሐፍ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። በ1911 የመጀመሪያ ፊልሙን 4,000 ያህል ሥዕሎችን ሥሎ ሠራ፤ በ1912 ስለ አንዲት ደም መጣጭ ትንኝ ሌላ ፊልም አከለ። ጌርቲ ሦስተኛዋ ናት። አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው የካርቱን ፊልም እየተባለች ትጠቀሳለች፤ ይህ ስሕተት ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 ሙሉ በሙሉ በሥዕል የተሠራ አጭር ፊልም አሳይቷል። ጌርቲን ልዩ የሚያደርጋት ቀዳሚነት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ የኮል ሥዕሎች ይለዋወጣሉ፣ ጌርቲ ግን ትኖራለች፤ ትተነፍሳለች፣ ታኮርፋለች፣ ታለቅሳለች።

ፊልሙ በመጀመሪያ ለመድረክ የታሰበ ነበር። በየካቲት ወር 1914 ቺካጎ በሚገኘው ፓላስ ቲያትር ማኬይ አለንጋ ይዞ ከሸራው አጠገብ ቆመ፤ ጌርቲን በስሟ ጠራት። ዳይኖሰሯ ከዋሻ ብቅ ብላ ለሕዝቡ እጅ ነሣች። «ቀኝ እግርሽን አንሺ» ሲላት አነሣች፤ «ግራውን» ሲላት አንገራገረች፤ ሲቆጣት እንደ ሕፃን አለቀሰች። ፖም የወረወረላት በመሰለ ጊዜ እርሱ እውነተኛውን ፖም በእጁ ውስጥ ሰወረ፣ በሸራው ላይ የተሣለው ፖም ወደ አፏ ገባ። ጃምቦ የተባለ ማሞዝ በአጠገቧ ሲያልፍ በጭራው ይዛ ሐይቅ ውስጥ ወረወረችው፤ በኋላም ሐይቁን ጠጥታ ጨረሰችው። በመጨረሻ ማኬይ ከሸራው ኋላ ሲሰወር፣ የተሣለ ማኬይ በሸራው ላይ ብቅ ይልና ጌርቲ ተሸክማው ትሄዳለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ፊልሙ ያለ ማኬይ በየሲኒማ ቤቱ እንዲታይ የመግቢያና የመደምደሚያ ትዕይንት ተጨምሮበት ተሠራጨ። በመግቢያው ላይ ማኬይና ጓደኞቹ በኒውዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ካለው የዳይኖሰር አፅም ፊት ይቆማሉ፤ ማኬይም «ይህንን ነፍስ እዘራበታለሁ» ብሎ ይወራረዳል። አፅሙ እውነተኛ ነው። ሙዚየሙ 20 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የብሮንቶሶረስ አፅም አቁሞ ለሕዝብ ያሳየው በ1905 ነበር።

የፊልሙ መግቢያ 10,000 ሥዕሎች መሣላቸውን ያበሥራል። ቁጥር ሲነገረን ማስላት ልማዳችን ነውና እናስላው። በሴኮንድ 16 ሥዕል የሚታይ ከሆነ 10,000 ሥዕል ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ዛሬ በምናየው ቅጂ ውስጥ የተሣለው ክፍል ከዚህ ያጠረ ነው። በዚያ ላይ ማኬይ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ በተደጋገመ ቁጥር የሣላቸውን ሥዕሎች ደግሞ ደጋግሞ ያስነሣ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን የመድረክ ሰው የተናገረው ቁጥር አድርገን ብንወስደው ይሻላል። የሥራው ብዛት ግን ግማሹም ቢሆን የሚያስደንቅ ነው።

በስስ ወረቀት ላይ

ማኬይ የሣለው ቁመትና ወርዱ 16.5 በ21.6 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የሩዝ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱ ስስ መሆኑ አዲሱን ሥዕል ከቀድሞው ላይ ደርቦ እያዩ ለመሣል ያስችላል። ችግሩ ግን ጌርቲ ብቻ ሳትሆን ከኋላዋ ያሉት ተራራ፣ ዛፍ፣ ድንጋይና ሐይቅም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና መሣል ነበረባቸው። ይህን አሰልቺ ሥራ የሠራው ጆን ፊትዝሲመንስ የተባለ ወጣት የሥነ ጥበብ ተማሪ ነው። አንዱን ድንጋይ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው። ሥዕሎቹ በየማዕዘናቸው የመስቀል ምልክት ተደርጎባቸው በካርቶን ላይ ከተለጠፉ በኋላ በቪታግራፍ ስቱዲዮ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ በፊት ግን ማኬይ ሥዕሎቹን በሚሽከረከር መገልበጫ ላይ እየደረደረ እንቅስቃሴያቸው መስመር መያዙን ይፈትሽ ነበር።

የመስቀል ምልክቱ ነገር ለምን አስፈለገ? በቤተ ሙከራ ውስጥ ልኬት የወሰደ ተማሪ መልሱን አያጣውም። 21.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት 4.3 ሜትር ስፋት ባለው ሸራ ላይ ሲታይ 20 ጊዜ ያህል ይጎላል። በወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች መዛነፍ በሸራው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ቢዛነፉ ማንም አያስተውልም፤ ይህ ቋሚ ስሕተት ነው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ቢዛነፍ ግን ተራራው ይንቀጠቀጣል። የመስቀል ምልክቱ የወረቀቱን መዛነፍ አስወግዷል፤ የፊትዝሲመንስን እጅ ጥቃቅን መዛነፍ ግን ሊያስወግድ አይችልም። ፊልሙን አስተውሎ የሚያይ ሰው የድንጋዩና የተራራው መስመር ያለማቋረጥ ሲርገበገብ ያያል። እኛ ይህን እንደ ጉድለት አንቆጥረውም፤ ሰው እንደሠራው የሚመሰክር የዘፈቀደ ስሕተት ነው።

ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ግን ማኬይ የሥዕሎቹን ቅደም ተከተል ያቀደበት ዘዴ ነው። አንድ ሠዓሊ 64 ሥዕል የሚፈጅ እንቅስቃሴ መሣል አለበት እንበል። ቀላሉ መንገድ አንደኛውን ሥሎ ከእርሱ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ሦስተኛውን እያለ መቀጠል ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ እጁ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢስት ስሕተቶቹ ይጠራቀማሉ። እንዲህ ያለ የዘፈቀደ ስሕተት በእርምጃዎቹ ብዛት ዳግም ዘር ልክ እንደሚያድግ ከስታቲስቲክስ እናውቃለን፤ የ64 ዳግም ዘር 8 ነው፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሠዓሊው ሊደርስበት ከነበረው ቦታ 4 ሚሊ ሜትር፣ በሸራው ላይ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ማኬይ ይህን አላደረገም። መነሻውንና መድረሻውን አስቀድሞ ሣለ፤ ቀጥሎ በሁለቱ አጋማሽ ያለውን፤ ቀጥሎ የየአጋማሹን አጋማሽ። በእያንዳንዱ ዙር ክፍተቱ ለሁለት ይከፈላል፤ 64 ክፍተቶች በስድስት ዙር ይሞላሉ። እያንዳንዱ አዲስ ሥዕል በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ሥዕሎች መካከል ስለሚታሰር ስሕተቱ እየተጠራቀመ አይሄድም፤ ለተመሳሳይ እጅ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይቀራል። ለዚህ ዘዴ «የመክፈል ስልት» የሚል ስም ሰጥቶታል። ዛሬም የካርቱን ሠዓሊዎች ዋና ዋና ሥዕሎችን አስቀድመው ሥለው መካከለኞቹን በኋላ የሚሞሉት በዚሁ መንገድ ነው። ስሌቱን እንዳላሰላው እርግጠኞች ነን፤ እጁ ግን ያውቀው ነበር።

ማኬይ ለዘዴዎቹ የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ለሚጠይቀው ሁሉ ያሳይ ነበር። ጆን ብሬይ የተባለ ሌላ የካርቱን ሠሪ ግን በ1914 ማኬይ ይጠቀምባቸው የነበሩትን ዘዴዎች ጭምር በስሙ አስመዘገበና ማኬይን ራሱን ከሰሰው። ክሱ ለከሳሹ አልሆነም፤ ይልቁንም ብሬይ ለተወሰነ ጊዜ ለማኬይ ክፍያ ሲከፍል ቆየ። በዚያው ዓመት ኤርል ኸርድ የተባለ ሠዓሊ ተንቀሳቃሹን አካል ብርሃን በሚያሳልፍ ሴሉሎይድ ላይ መሣልን አስመዘገበ። ጀርባው አንድ ጊዜ ብቻ ይሣላል፤ ሴሉሎይዱ ከላዩ ይደረባል፤ የፊትዝሲመንስ ዓይነት ድካም አበቃ። ብሬይና ኸርድ ተጣምረው ከሌሎች ስቱዲዮዎች ክፍያ ሲሰበስቡ ኖሩ፤ መብቱ ያበቃው በ1932 ነው። በሳይንስ ዓለም አንድ ሰው ያገኘውን አሳትሞ ለሁሉም ክፍት ማድረጉን እንደ ግዴታ እንቆጥረዋለን። ማኬይ ሳይንቲስት ሳይሆን ይህን ግዴታ ፈጽሞታል፤ ለዚህም ሊከሰስ መቻሉ እስከ ዛሬ ያሳዝነናል።

አንድ አሥራ ስድስተኛ ሴኮንድ

ወደ ፊዚክሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሣ። በሸራው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የቆሙ ሥዕሎች እየተፈራረቁ ይታያሉ እንጂ። ታዲያ እንቅስቃሴውን የሚሠራው ማን ነው? በብዙ የትምህርት መጻሕፍት የሚገኘው መልስ «ምስል በዓይን ላይ ጥቂት ስለሚዘገይ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ምሉዕ አይደለም፤ አሳሳችም ነው። ምስል በዓይን ላይ መዘግየቱ ብቻውን የሚያስገኘው የተደራረበ ሥዕል ነው፤ ስምንት እግር ያላት ጌርቲ እናይ ነበር። የምስሉ መዘግየት የሚጠቅመው ለሌላ ነገር፣ ይኸውም ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ሲል እንዳናየው ነው። ለዚህም የዘመኑ የፊልም ማሳያዎች ሦስት ክንፍ ያለው መጋረጃ ነበራቸው፤ እያንዳንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ ስለሚያበራ 16ቱ ሥዕል በሴኮንድ 48 ብልጭታ ይሆናል።

እንቅስቃሴውን የሚሠራው አእምሮ ነው። ማኬይ ጌርቲን ከመሣሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1912፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማክስ ቨርትሃይመር ስለዚህ ጉዳይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ሁለት መስመሮችን በተለያየ ቦታ እያፈራረቀ አሳየ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ 200 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲሆን ተመልካቹ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ሲበራ ያያል፤ 30 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲሆን ሁለቱም አብረው የበሩ ይመስለዋል፤ 60 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሲሆን ግን አንድ መስመር ከቦታ ቦታ ሲሄድ ያያል። የማኬይ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሴኮንድ 62.5 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ይህ መቀራረብ ያስደስታል፤ ነገር ግን ከሚገባው በላይ ትርጉም ልንሰጠው አይገባም። የፊልም ፍጥነት የተወሰነው በማሽኑና በፊልም ዋጋ ምክንያት ነው፤ ደግሞም በሙከራው ውስጥ ያለው ክፍተትና በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም።

ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው። አንዱ ሥዕል ከሚቀጥለው በ1/16 ሴኮንድ ተለይቶ ከቆመ፣ በሁለቱ መካከል አካሉ የተጓዘው ርቀት ፍጥነት ይሆናል። ርቀቱ ከሥዕል ወደ ሥዕል ከተለወጠ ደግሞ ሽምጠጣ ይሆናል። ሠዓሊው ሳያስበው የሰዓትና የማስመሪያ ጌታ ሆነ ማለት ነው።

የመውደቅ ሒሳብ

ከእረፍት የተለቀቀ አካል በነፃ ሲወድቅ የሚጓዘው ርቀት ከጊዜው ካሬ ጋር እንደሚያድግ በ9ኛ ክፍል ተምረናል። በሴኮንድ 16 ሥዕል ብንሥል በመጀመሪያው ሥዕል 1.9 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 7.7፣ በሦስተኛው 17.2፣ በአራተኛው 30.6 ሴንቲ ሜትር ከመነሻው ይርቃል። በስምንተኛው 1.2 ሜትር፣ በአሥራ ስድስተኛው 4.9 ሜትር ይደርሳል። በተከታታይ ሥዕሎች መካከል ያሉትን ክፍተቶች ብቻ ብንወስድ 1.9፣ 5.7፣ 9.6፣ 13.4 እናገኛለን። ሁሉንም ለመጀመሪያው ብናካፍላቸው 1፣ 3፣ 5፣ 7 ይሆናሉ፤ ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ናቸው። ይህን ሕግ ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው «ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች» በተሰኘው መጽሐፉ አስፍሮታል። የካርቱን ሠዓሊ ሕጉን በስሙ ባያውቀውም ወድቆ የሚታይ ድንጋይ መሣል ከፈለገ ሊታዘዝለት ግድ ነው።

እዚህ ላይ የመክፈል ስልቱ ወጥመድ አለበት። የመነሻው ሥዕልና የመድረሻው ሥዕል መካከለኛ የት ነው? በመጀመሪያ ዓመት የመካኒክስ ክፍል ይህን ጥያቄ ስናቀርብ ብዙው ተማሪ፣ ቀመሩን በቃሉ የሚያውቀውም ጭምር፣ «ግማሽ መንገድ ላይ» ይላል። አይደለም። ለሚወድቅ አካል የጊዜው አጋማሽ የመንገዱ ሩብ ነው። ሠዓሊው መካከለኛውን ሥዕል በመንገዱ አጋማሽ ላይ ቢያስቀምጠው፣ የአጋማሾቹንም አጋማሽ እንዲሁ ቢያደርግ፣ ክፍተቶቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ፤ ድንጋዩም አይወድቅም፣ በወጥ ፍጥነት በክር እንደታሰረ ይወርዳል እንጂ። ደካማ የካርቱን ፊልሞች ውስጥ ነገሮች ሁሉ ከካርቶን የተሠሩ የሚመስሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጌርቲ አንገት ግን ሲነሣ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ በመካከል ይፈጥናል፣ ሊቆም ሲል ይዘገያል። ብዙ መጠነ ቁስ ያለው አካል በቅጽበት ሊነሣም ሊቆምም አይችልም፤ ኢነርሺያ ይይዘዋል። ዓይናችን መዘግየቱን ያይና «ከባድ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

ትልቅነት የሚነበበው በሰዓት ነው

ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር አለ። ሸራው ላይ ያለችው ጌርቲ ከሰው በላይ የረዘመችው ሸራው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ብናያት የእጅ መዳፍ አታክልም። ሆኖም ግዙፍነቷ አይጠፋም። ምክንያቱም የመሬት ስበት ለትልቅም ለትንሽም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ስበቱ ስለማይለወጥ ትልቅ ነገር የራሱን ቁመት ለመውደቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። የጌርቲ ዳሌ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ይላል ብለን እንገምት። ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመንካት 0.9 ሴኮንድ፣ ማለትም 14 ወይም 15 ሥዕል ይወስድበታል። ዳሌው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ውሻ የሚወድቅ ነገር ግን 0.29 ሴኮንድ፣ ማለትም ከ5 ሥዕል ያነሰ ይበቃዋል። በከፍታ 10 ጊዜ ቢለያዩ በጊዜ የሚለያዩት በ10 ዳግም ዘር፣ በ3.2 ያህል ነው።

የሚወዛወዝ እግርም እንደ ፔንዱለም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። 3 ሜትር የሚረዝም ወጥ ዘንግ ከላይ ተንጠልጥሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ለመወዛወዝ 1.4 ሴኮንድ፣ 23 ሥዕል ያህል ይፈልጋል፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዘንግ 7 ሥዕል ይበቃዋል። የእንስሳ እግር ቀላል ዘንግ አይደለም፤ ጡንቻም አለው፤ ቢሆንም ከተፈጥሯዊው ጊዜው በጣም ርቆ መራመድ ጉልበት ያስፈጃል። ዝሆን ሲራመድ ያየ ሰው ይህን ልብ ብሎታል። ስለዚህ አንድን እንስሳ በ7 ሥዕል እግሩን እንዲያወዛውዝ ብናደርገው፣ የቱንም ያህል ገዝፎ ቢሣል፣ ዓይን ትንሽ ነው ይላል። ጌርቲ እግሯን ስታነሣ የምትወስደው ጊዜ የግዙፍ እንስሳ ጊዜ ነው።

ማኬይ ይህን ጊዜ ለማግኘት ይለካ ነበር። ጌርቲ ምንም ሳታደርግ በምትቆምበት ጊዜ እንኳ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የአተነፋፈሷን ጊዜ ለመወሰን ማኬይ የራሱን ትንፋሽ በሰዓት ለክቷል። እርሱ ከሠራው ሁሉ እኛን የሚማርከን ይህ ነው፤ በሰዓት የተለካ ትንፋሽ ወደ ሥዕል ብዛት ተለወጠ። ወደ ሙዚየሙም ሄዶ፣ የተኛ ዳይኖሰር እንዴት እንደሚነሣ ባለሙያዎቹን ጠየቀ። አፅሙ በፊታቸው ቢቆምም ይህን ሊነግሩት አልቻሉም። ማኬይ ያላወቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ አልሣለም። ጌርቲ በምትነሣበት ቅጽበት ክንፍ ያለው እንሽላሊት በሰማይ እንዲያልፍ አደረገ፤ የተመልካቹ ዓይን ወደ እንሽላሊቱ ሲሄድ ጌርቲ ተነሥታ ትገኛለች።

ሳይንሳዊ ስሕተቶች በፊልሙ ውስጥ የሉም አንልም። ከወፎች በቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለሆነ ጌርቲና ማሞዙ ሊገናኙ አይችሉም። ጭራዋን መሬት ላይ መጎተቷም የዘመኑ ሊቃውንት አስተሳሰብ ነው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ እንስሳት ጭራቸውን ከፍ አድርገው ይራመዱ እንደነበር አሳምነውናል። በኋላ እግሯ ቆማ መጨፈሯ ደግሞ ከጋሊሌዮ መጽሐፍ ሌላ ምዕራፍ ጋር ያጋጫታል። ቁመትን 10 ጊዜ ስናሳድግ ክብደት 1,000 ጊዜ፣ የአጥንቱ ውፍረት ስፋት ግን 100 ጊዜ ብቻ ስለሚያድግ፣ አጥንቱ የሚሸከመው ጫና 10 እጥፍ ይሆናል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ይቅር ይላል። የአጥንት ጥንካሬን በማየት ለይተን አናውቅም፤ የመውደቅን ጊዜ ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ዕቃ ስንጥል ተምረነዋል። ማኬይ የሳተው ተመልካች በማያይበት ቦታ ነው።

በደብተር ጠርዝ ላይ

አንባቢ ይህን ሁሉ በቃላችን እንዲቀበል አንፈልግም። አንድ ያረጀ ደብተር ይበቃል። በገጾቹ ጠርዝ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ትሣል። በመጀመሪያው ገጽ ኳሷ ከላይ ትሁን፤ በቀጣዮቹ ስምንት ገጾች ከመነሻዋ 0.25፣ 1፣ 2.25፣ 4፣ 6.25፣ 9፣ 12.25 እና 16 ሴንቲ ሜትር ትራቅ። በሌላ ደብተር ላይ ይህንኑ 16 ሴንቲ ሜትር በየገጹ 2 ሴንቲ ሜትር እያደረግን እንሣል። ሁለቱንም በአውራ ጣት፣ በሴኮንድ 16 ገጽ ያህል እንዲሆን፣ እናገላብጥ። የመጀመሪያዋ ትወድቃለች፤ ሁለተኛዋ ትወርዳለች።

ቀጥሎ ሦስተኛ ደብተር እንውሰድ። ያንኑ 16 ሴንቲ ሜትር በስምንት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ገጽ እናድርገው፤ የካሬው ሕግ ሳይፈርስ። በዚህ ጊዜ ከመነሻው ያሉት ርቀቶች የገጹ ተራ ቁጥር ካሬ ለ16 ተካፍሎ ይሆናሉ፦ 0.06፣ 0.25፣ 0.56፣ 1 እያለ እስከ 16። የመጀመሪያው ደብተር ኳስ በግማሽ ሴኮንድ ስለምትወድቅ 16 ሴንቲ ሜትሩ የሚወክለው 1.2 ሜትርን ነው፤ ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ኳስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ በእጅ የምትያዝ ኳስ ናት። የሦስተኛው ደብተር ኳስ በአንድ ሴኮንድ ስለምትወድቅ 16 ሴንቲ ሜትሩ 4.9 ሜትር ነው፤ ያቺው ኳስ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቋጥኝ ሆናለች። በሥዕሏ ላይ አንዲት መስመር አልጨመርንም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጌርቲ መመለስ ይቻላል። ፊልሙ በ1914 የወጣ በመሆኑ የባለቤትነት መብቱ አብቅቷል፤ በ1991ም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በኮምፒዩተር አንድ ሥዕል አንድ ሥዕል እያሳለፉ ማየት ቀላል ነው። ጃምቦ ከጌርቲ አፍ ተለቆ ወደ ሐይቁ እስኪገባ ያሉትን ሥዕሎች መቁጠር፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ ከደረሰ በኋላ በየሥዕሉ የወረደውን ርቀት በማስመሪያ መለካት፣ ክፍተቶቹንም ከ1፣ 3፣ 5፣ 7 ጋር ማነጻጸር ነው። ፊልሙ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ አንዳንድ ሥዕል ተደግሞ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከሚቀጥለው ጋር ፍጹም አንድ የሆነን ሥዕል ሁለት ጊዜ አለመቁጠር ያስፈልጋል፤ የመስመሮቹ መርገብገብ አዲሱን ሥዕል ከተደገመው ለመለየት ያግዛል።